ሯጭ ቀርከሃ በቤት አጸድ፤ የአንድ ተክልና የልማዱ ታሪክ

ቀርከሃ ከሣር ወገን የሆነ ተክል ነው። በምሥራቅ እስያ ለብዙ መቶ ዓመታት በቤት ግቢ ሲተከል ኖሯል፤ ባለቤቱን ሲመግብ፣ አጥርና ዕቃ ሲሆን፣ ለዐይንም ደስታ ሲሰጥ ቈይቷል። ይኸው ተክል በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተወስዶ ለጌጥ በተተከለ ጊዜ ግን በጥቂት ትውልድ ውስጥ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያካስስ፣ ሕግም የሚወጣበት ሆነ። ተክሉ አንድ ሆኖ ሳለ ዕድሉ እንዲህ የተለያየው ስለ ምን ነው? ምክንያቱን በአየሩና በአፈሩ ጠባይ ብቻ የሚፈልጉ አሉ። የታሪኩ ምስክርነት ግን ወደ ሌላ ያመለክታል። የሯጩን ቀርከሃ ወሰን ሲጠብቅ የኖረው ግንብ አልነበረም፤ በየዓመቱ ዶማ ይዞ ወደ ቀርከሃው የሚመላለሰው የቤተ ሰብ እጅ ነበር። ተክሉ ባሕር ሲሻገር ይህ ልማድ አብሮት አልተሻገረም። የነገሩን አካሄድ ለመረዳት አስቀድሞ የተክሉን ጠባይ፣ ቀጥሎም የጉዞውን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የተክሉ ጠባይ

የቀርከሃ ዐይነቶች በምድር ውስጥ ባለው ግንዳቸው አካሄድ በሁለት ታላላቅ ወገን ይከፈላሉ። የአንደኛው ወገን የምድር ውስጥ ግንድ ዐጭርና ወፍራም ነው፤ ጫፉ ወዲያው ወደ ላይ ተመልሶ አገዳ ይሆናል፤ ስለዚህ አገዳዎቹ እንደ ታሰረ ነዶ ተጠጋግተው ይቆማሉ። የሁለተኛው ወገን የምድር ውስጥ ግንድ ግን ቀጭንና ረዥም ነው፤ ጫፉ ከዓመት ወደ ዓመት በአግድም ወደ ፊት ይጓዛል፤ አገዳ የሚሆኑት በየአንጓው ጎን የሚወጡት ቡቃያዎች ናቸው። ሯጭ ቀርከሃ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። በቻይና በካንቶን ብዙ ዓመት ያስተማረው አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ፍሎይድ ማክሉር በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ለሁለቱ ወገኖች ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚጠቀሙባቸውን ስሞች ሰጥቷል። በአጸድ ከሚተከሉት ሯጮች የሚበዙት ፊሎስታኪስ ከሚባለው ዘር ሲሆኑ የዚህ ዘር ዋና አገሩ ቻይና ነው።

ስለ ሯጩ ቀርከሃ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ለሚከተለው ታሪክ መሠረት ነው። አንደኛው፣ የምድር ውስጥ ግንዱ በጥልቀት አይሄድም፤ የሚበዛው ክፍሉ ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ተራ ዶማ ይደርስበታል። ሁለተኛው፣ ቡቃያው በጸደይ ወራት ከምድር ሲወጣ ወደ ፊት የሚኖረውን ውፍረት ይዞ ይወጣል፤ በሁለት ወር ገደማም ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ አይረዝምም፣ አይወፍርም። ታላላቆቹ ዐይነቶች በአመቺ ቀን እስከ አንድ ሜትር ያህል ሲያድጉ ታይተዋል። ይህን ፍጥነት የሚያገኘው ገና ከሌለው ቅጠል ሳይሆን ያለፈው ዓመት አገዳና የምድር ውስጥ ግንዱ ካከማቹት ምግብ ነው። ከዚህም የተነሣ ቡቃያው ለጋ ሳለ የሚቈርጠው ሰው የተክሉን ጎተራ ያራቍታል፤ በየዓመቱ ሁሉንም የሚቈርጥ ቢኖርም ተክሉ በመጨረሻ ይደክማል። ሦስተኛው፣ አዲስ የተተከለ ቀርከሃ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጸጥ ያለ ነው። ከምድር በታች መረቡን ሲዘረጋ ከላይ ያለው ባለቤት ምንም አያይም፤ ሩጫው በተገለጠ ጊዜ የምድር ውስጥ ግንዱ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ይህ ተክል ተፈጥሮው ራሱ ጠባቂ የሚሻ ነው። ጠባቂውንም የሚጠራው በጸደይ በሚያወጣው ቡቃያ ነው፤ ቡቃያው ይበላልና።

በቻይና ሊቃውንት ግቢ

በቻይና ቀርከሃ ከመብልነቱና ከዕቃነቱ ሌላ ቀድሞ የክብር ተክል ሆነ። ነፋስ ሲነፍስ ይጐነበሳል እንጂ አይሰበርም፤ በክረምት ቅጠሉን አያረግፍም፤ ውስጡም ባዶ ነው፤ ይህም የትሕትና ምሳሌ ተደርጎ ተቈጠረ። በ4ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ዋንግ ሁይዚ፣ የታላቁ የቁም ጸሐፊ የዋንግ ሺዚ ልጅ፣ በሰው ቤት ለጥቂት ጊዜ በእንግድነት ሳለ በግቢው ቀርከሃ እንዲተከል አዘዘ ይባላል። ለጥቂት ቀን ማደሪያ ይህን ያህል መድከም ስለ ምን እንደሆነ በተጠየቀ ጊዜ ቀርከሃውን እንደ ተከበረ ሰው ቈጥሮ፣ ያለ እርሱ አንድ ቀን እንኳ መኖር እንደማይቻለው መለሰ። ከዚያ ወዲህ የቻይና ባለ ቅኔዎች ቀርከሃን በዚያው የክብር ስም ሲጠሩት ኖረዋል። በ5ኛው ምዕተ ዓመትም ዳይ ካይዚ የቀርከሃን ዐይነቶች በየስማቸውና በየአገራቸው የሚዘረዝር ድርሰት ጻፈ፤ በዚህ ረገድ ከሚታወቁት ሁሉ ጥንታዊው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ጌጡና ምግቡ የተለያዩ አልነበሩም። ይህን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የመንግ ዞንግ ታሪክ ነው። በ3ኛው ምዕተ ዓመት በኖረው በዚህ ሰው ስም የሚነገረው እንዲህ ነው፤ እናቱ ታማ በክረምት የቀርከሃ ቡቃያ አማራት፤ ወቅቱ ስላልነበረ ልጁ ወደ ቀርከሃው ገብቶ አለቀሰ፤ በዚያን ጊዜ ከበረዶው ሥር ቡቃያ ወጣለት። ታሪኩ ወላጆቻቸውን ካከበሩት ከሃያ አራቱ ልጆች ታሪክ አንዱ ሆኖ ለብዙ ትውልድ ሕፃናት የተማሩበት ነው። ተአምሩም ከእርሻ ዕውቀት የራቀ አይደለም፤ በተለይ የዚህ ታላቅ ቀርከሃ ቡቃያ ገና በክረምት ከአፈር ሥር ማበጥ ይጀምራልና፣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ቈፍሮ ያገኘዋል። ጃፓኖች ተክሉን እስከ ዛሬ የሚጠሩት በመንግ ዞንግ ስም ነው፤ በአነጋገራቸው ሞሶ ይሉታል።

ከመስፍን አጸድ ወደ ገበሬ ጓሮ

በጃፓን ከሞሶ በፊት ሌሎች ሯጭ ዐይነቶች ይታወቁ ነበር፤ ከእነርሱም ለግንባታና ለዕቃ የሚመረጠው ማዳኬ የተባለው ነው። ሞሶ ወደ ጃፓን ስለ ገባበት ጊዜ ከአንድ በላይ ትውፊት አለ። ይልቁንም የታወቀው በ1736 ከርዩክዩ ደሴቶች ወደ ሳትሱማ ግዛት መግባቱ ነው። የሳትሱማ ገዥ ቤት 21ኛ አለቃ የነበሩት ሺማዙ ዮሺታካ ተክሉን አስመጥተው በካጎሺማ በሚገኘው ሴንጋን-ኤን በተባለው አጸዳቸው አስተከሉት። አጸዱ በ1658 የተሠራ ሲሆን በእሳተ ገሞራው ተራራ ትይዩ በባሕር ዳር የሚገኝ የመሳፍንት መዝናኛ ነበር። በዚያ የተተከለው ቀርከሃ ቦታ እስከ ዛሬ ለጎብኝ ይታያል።

የጌጥ ተክል ሆኖ የመጣው ሞሶ ግን በመስፍኑ ግቢ ታጥሮ አልቀረም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ የሳትሱማ ሰዎች ወደ ኤዶ፣ ማለት ወደ ዛሬይቱ ቶክዮ፣ ካደረሱት በኋላ በከተማይቱ ዳርቻ በቶጎሺና በሜጉሮ ያሉ ገበሬዎች ለቡቃያው ሲሉ ተከሉት። የሜጉሮ የቀርከሃ ቡቃያ በሩዝ ተቀቅሎ የኤዶ ሰዎች በጸደይ የሚናፍቁት ምግብ ሆነ። ስለዚህ ከጌጥ ወደ ምግብ፣ ከመስፍን ወደ ገበሬ የተደረገው ሽግግር ከመቶ ዓመት ያነሰ ጊዜ ብቻ ፈጀ።

የሥራውን ሥርዐት ለማየት ከክዮቶ በስተ ምዕራብ ያሉት ኮረብታዎች የተሻሉ ምስክሮች ናቸው። በዚያ አገር የቀርከሃ ቦታ እንደ ሌላ እርሻ ሁሉ በዓመት ዙሪያ ይሠራል። መከር ካለፈ በኋላ መሬቱ ላይ ገለባ ይነጠፋል፤ በክረምትም በገለባው ላይ አዲስ አፈር ይበተናል። ጸደይ ሲሆን ባለሙያው በማለዳ እየዞረ የአፈሩን ስንጥቅ ይፈልጋል፤ ቡቃያው ብርሃን ካየ ይጠነክራልና፣ ሳይወጣ ሊደርስበት ይገባል። መቈፈሪያው ረዥምና ጠባብ ምላስ ያለው ብረት ነው፤ በቡቃያው ጎን ይገባና ከምድር ውስጥ ግንዱ ጋር የተያያዘበትን ቦታ ይቈርጣል እንጂ ግንዱን ራሱን አያቈስልም። ከቡቃያዎቹ መካከል ጥቂቶቹ ለእናትነት ተመርጠው እንዲያድጉ ይተዋሉ፤ ጫፋቸው ለጋ ሳለ ተነቅንቆ ይሰበራል፤ የተወለዱበትም ዓመት በአገዳው ላይ ይጻፋል። ስድስትና ሰባት ዓመት የሞላው አገዳ ይቈረጣል፤ አጥር፣ ቅርጫት፣ መሰላል፣ የውሃ ቦይ ይሆናል።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ወሰን መጠበቅ የተለየ ሥራ ሆኖ እንደማይቈጠር ልብ ሊባል ይገባል። ገበሬው ቡቃያ ሲፈልግ ወሰኑን ይዞራል፤ ከወሰን ያለፈውን ቡቃያ ከሌላው አስቀድሞ ይበላዋል። ምግብ ፍለጋውና ጥበቃው አንድ እርምጃ ነበሩ።

ሌላም ጥቅም ነበረው። የምድር ውስጥ ግንዱ መረብ አፈሩን ስለሚይዝ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሆን ወደ ቀርከሃው መሸሽ ጥንታዊ ምክር ነበር፤ በየወንዙ ዳርም ጎርፍን እንዲገታ ይተከል ነበር። በክዮቶ ከሚገኘው ከካትሱራ ቤተ መንግሥት ውጭ በወንዙ በኩል ያለው አጥር ከነሥሩ በሕይወት ያለ ቀርከሃ ተጐንብሶ የተጠለፈበት ነው።

የወሰን ነገር

ይህ ሁሉ ሲሆን ክርክር አልነበረም ማለት አይደለም። ክዮገን በተባለው ጥንታዊ የጃፓን የቀልድ ቴያትር ውስጥ በቀርከሃ ቡቃያ የሚጣሉ ሁለት ሰዎች የሚታዩበት ጨዋታ አለ። አንዱ የእርሻ ባለቤት ነው፤ ሌላው በአጠገቡ ያለው የቀርከሃ ባለቤት። ቡቃያው ከእርሻው ውስጥ በቀለና ባለ እርሻው ቈፍሮ ወሰደው። ባለ ቀርከሃው የእኔ ተክል ልጅ ነውና መልስ አለው። ባለ እርሻው በበኩሉ ያለፈ ነገር ያነሣል፤ ቀድሞ የእርሱ ላም በባለ ቀርከሃው ጋጣ ወልዳ ሳለ፣ በጋጣዬ ተወልዷልና የእኔ ነው ተብሎ ጥጃው ቀርቶበት ነበር። ጥጃ የተወለደበት ቦታ ባለቤት ገንዘብ ከሆነ ቡቃያውም እንዲሁ ነው ይላል። ነገሩ በሸምጋይ ፊት ቀርቦ በግጥም እስከ መፎካከር ይደርሳል።

ቀልዱ ከቀልድ ያለፈ ትምህርት አለው። ሁለቱ ሰዎች የሚጣሉት ቡቃያውን ለመውሰድ ነው። ወሰን ያለፈው ተክል ለሁለቱም ሀብት ነበር፤ ማንም ከእርሻዬ አስወግድልኝ አላለም። ኋላ በምዕራባውያን አገሮች የተነሣው ክርክር ግን የዚህ ግልባጭ ነው፤ በዚያ እያንዳንዱ ተክሉ የሌላው እንዲሆን ይሟገታል። በ1898 በሥራ ላይ የዋለው የጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግም በ233ኛው አንቀጽ ልዩነት አደረገ፤ የጎረቤት ዛፍ ቅርንጫፍ ወሰን ቢያልፍ ባለቤቱ እንዲቈርጠው መጠየቅ ይገባል፤ ሥር ቢያልፍ ግን ባለ መሬቱ ራሱ ሊቈርጠው ይችላል። ስለ ቅርንጫፍ የተደነገገው በ2021 ሲሻሻል ስለ ሥር የተደነገገው እንዳለ ቀጥሏል። ከምድር በታች የሚመጣ ነገር ቈፋሪውን ሳይጠብቅ መቈረጥ እንዳለበት ሕጉም ተረድቶታል።

ያለ ልማዱ የተጓዘ ተክል

አውሮፓ ሯጩን ቀርከሃ የተቀበለችው በውበቱ ነው። አገዳው እየቈየ የሚጠቍረው ዐይነት በ1827 ወደ እንግሊዝ አገር ገባ። በ1856 የቅመማ ቅመም ነጋዴ የነበረው ኤውዤን ማዜል በደቡብ ፈረንሳይ በአንዱዝ አጠገብ በፕራፍራንስ ታላቅ የቀርከሃ አጸድ መሠረተ፤ የወንዝ ውሃ በቦይ አስመጣ፤ ሀብቱን ሁሉ አፈሰሰበትና በ1890 ከሰረ። አጸዱን በ1902 ጋስቶን ኔግር ገዛው፤ ዛሬም በብዙ ጎብኝ የሚታይ ነው። በእንግሊዝ አገር የኪው የዕፅዋት ገነት በ1891 ለቀርከሃ የተለየ ቦታ አዘጋጀ። በጃፓን በዲፕሎማትነት ያገለገለው አልጀርነን ፍሪማን-ሚትፎርድ በባትስፎርድ ርስቱ ብዙ ዐይነት ተክሎ በ1896 ስለ ቀርከሃ አጸድ መጽሐፍ አወጣ። በዚያው አገር የሠራው ኧርነስት ሳቶው ደግሞ በ1899 ስለ ጃፓን የቀርከሃ አተካከል ጽፏል። ስለዚህ ዕውቀቱ በመጽሐፍ ደርሷል ማለት ይቻላል፤ በአጸዶቹ ግን ቡቃያውን ቈፍሮ የሚበላ ቤተ ሰብ አልነበረም።

አደጋው ወዲያው ያልታየበት ምክንያትም አለ። የእንግሊዝ በጋ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሯጮቹ በብዙ ቦታ ለረዥም ጊዜ ሳይሮጡ እንደ ቍጥቋጦ ተሰብስበው ቈዩ። በጋው ሞቃትና እርጥብ በሆነበት በአሜሪካ ደቡብ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ወርቃማ ቀርከሃ የተባለው ዐይነት በ1882 ወደ አላባማ ገባ። በጆርጂያ ግዛት በሳቫና አጠገብ በ1890 የተተከሉ ሦስት የማዳኬ ችግኞች እየተስፋፉ ዱር ሆኑ። የመንግሥት የእርሻ ሊቅ የነበረው ዴቪድ ፌርቻይልድ፣ በ1903 ስለ ጃፓን ቀርከሃዎች ጽሑፍ ያወጣው፣ ይህን ቦታ ባወቀ ጊዜ ዱሩ እንዲጠበቅ ደከመ፤ ወዳጁ ባርበር ሌትሮፕም በ1919 መሬቱን ገዝቶ ለመንግሥት የምርምር ጣቢያ እንዲሆን ሰጠ። ያን ጊዜ የነበረው ተስፋ አሜሪካዊው ገበሬ ቀርከሃን እንደ ጃፓናዊው እንዲጠቀምበት ነበር። ይህ ተስፋ አልተፈጸመም፤ የተስፋፋው ሌላው ጥቅሙ ነው። ቀርከሃ በጥቂት ዓመት ውስጥ አረንጓዴ ግድግዳ ሆኖ የጎረቤትን ዐይን የሚከልል፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ መጋረጃ ሆነ።

በዚህ አተካከል ውስጥ ጉዳቱ ከመነሻው ተሰውሯል። መጋረጃ እንዲሆን የሚፈለግ ተክል የሚተከለው በግቢው መካከል ሳይሆን በወሰኑ ላይ ነው። የሚተክለውም ሰው ብዙ ጊዜ ቤቱን ሽጦ ይሄዳል፤ ገዥው ከምድር በታች ያለውን አያውቅም። በመጨረሻም የኮኔቲከት ግዛት በ2013 ስለ ሯጭ ቀርከሃ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ተክሉን ወደ ጎረቤት መሬት እንዲያልፍ የተወ ባለቤት ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ በመከለያ ካልታጠረ ወይም ከመሬት በላይ በዕቃ ካልተተከለ በቀር ከወሰኑ 40 ጫማ፣ ማለት 12 ሜትር ያህል፣ ሳይርቅ መትከል አይፈቀድም፤ ሻጩም ስለ ተክሉ ጠባይ የሚያስረዳ ወረቀት ለገዥው መስጠት አለበት። የኒው ዮርክ ግዛትም ሁለት ሯጭ ዐይነቶች እንዳይሸጡ ከልክሏል። ቀድሞ አባት ልጁን በጓሮ ይዞት እየዞረ ያሳየው የነበረው ነገር አሁን ሻጭ ለገዥ የሚሰጠው ወረቀት ሆነ።

ስለ መከለያውም የሚባል አለ። ዛሬ የአጸድ ባለሙያዎች ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ግድግዳ እንዲቀበር፣ ጫፉም ከመሬት በላይ ጥቂት እንዲታይ ይመክራሉ። ይህ የሚሆነው የምድር ውስጥ ግንዱ ግድግዳውን ሲመታ ወደ ላይ ስለሚታጠፍና በጫፉ ላይ ለመሻገር ስለሚሞክር ነው። ስለሆነም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ዙሪያውን ዞሮ የተሻገረውን የሚቈርጥ ሰው ከሌለ ግድግዳው ዋጋ የለውም። በግድግዳ ፋንታ ጠባብ ቦይ ቈፍረው በየመጸው ብቅ ያለውን የሚቈርጡም አሉ፤ ይህም ያው የዶማ ሥራ ነው። ልማዱን ለመተካት የመጣው መሣሪያ ራሱ ልማዱን መልሶ ይጠይቃል።

ልማዱ በገዛ አገሩ ሲቀር

ይህ አስተያየት እውነት ከሆነ ልማዱ በጠፋበት ቦታ ሁሉ፣ በጃፓንም ቢሆን፣ ተክሉ ወሰኑን ማለፍ አለበት። የሆነውም ይኸው ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ማዳኬ በጃፓን በብዛት አበበ፤ ቀርከሃ በብዙ ዐሥር ዓመታት አንድ ጊዜ ያብባልና፣ ካበበ በኋላ አገዳው ይሞታል። ጠራቢውና ጠላፊው ዕንጨት ባጣበት በዚያው ዘመን ፕላስቲክ የቅርጫቱንና የባልዲውን ቦታ ያዘ። ቀጥሎም ከቻይና የሚመጣው የታሸገ ቡቃያ ገበያውን ሞላው፤ የገጠሩ ወጣት ወደ ከተማ ሄደ። ማዳኬ ቈይቶ ከሥሩ ዳግመኛ ሲያገግም የሚቈርጠው ሰው አልተመለሰም። በተለይ የሞሶ ቦታዎች ተጥለው በዓመት እስከ ጥቂት ሜትር እየገፉ በአጠገባቸው ያለውን ዱርና የተተወ እርሻ ያለብሳሉ። ከ20 ሜትር በሚበልጠው ጥላው ሥር ሌላው ዛፍ ይጠወልጋል። አየሩ ያው ነው፣ አፈሩም ያው ነው፤ የተለወጠው ዶማ የያዘው እጅ ብቻ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የአገሩ ሁለት ቀርከሃዎች፣ የደጋው ቀርከሃና ሽመል የሚባለው የቈላው፣ እንደ ፊሎስታኪስ ረዥም ሯጭ ግንድ ካላቸው ወገን አይቈጠሩም፤ ስለዚህ በጥፋታቸው ሊመሳሰሉ አይችሉም። በአጠባበቃቸው ግን ምሳሌ ይሆናሉ። በጋሞ ደጋ በዶርዜ የደጋው ቀርከሃ ከቤቱ አጠገብ ይተከላል፤ ቤቱ ራሱ ከእርሱ ይጠለፋል፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው ቤቱ እያጠረ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ሲያስፈልግም በሰው ሸክም ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይቆማል። በአዊ በእንጅባራ አካባቢም የጓሮ ቀርከሃ ለአጥርና ለልዩ ልዩ ዕቃ ይቈረጣል። በዚህ አገር እጁን ወደ ተክሉ የሚያስዘረጋው የቡቃያው ጣዕም ሳይሆን የአገዳው ጥቅም ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ተክሉ በየጊዜው ይጎበኛል። ቆርቆሮና ፕላስቲክ በየቤቱ እየገቡ ባሉበት በዚህ ዘመን የዚህን ጉብኝት ሥርዐት፣ ማን እንደሚቈርጥ፣ መቼ እንደሚቈርጥ፣ የትኛውንም አገዳ እንደሚተው፣ ከባለሙያዎቹ አፍ መዝግቦ ማቈየት ለባሕል ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ሥራ ነው።

ከተባለው ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ሰው ተክልን ከአገር ወደ አገር ሲያሻግር ሥሩንና አፈሩን ይይዛል፤ ተክሉን በልክ ያኖረውን ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ይተዋል፤ ሥራው በችግኙ ላይ አይታይምና። የሳትሱማው መስፍን ሞሶን ለጌጥ ሲያስመጡ ቡቃያውን የሚቈፍሩ ገበሬዎች በአጠገባቸው ነበሩ፤ የኋላዎቹ ባለ አጸዶች ግን ጌጡን ብቻ ወሰዱ። ዛሬም ሯጭ ቀርከሃ በቤቱ ግቢ ሊተክል የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የተክሉን ቁመትና ቀለም አይደለም፤ በየጸደዩ ወሰኑን የሚዞረው ማን እንደሆነ ነው።